አያቶቻችን ጥርሳቸው ያልተበላው በመፋቂያ ብቻ ነው?



ከዲላ ከተማም ሆነ ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌና ከቡሌ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሱልኛል። «ዶክተር፣ እናቴ ቡርሽ ነክታ አታውቅም፤ እስከ ዛሬ በቆሎ የምትቆረጥመው በራሷ ጥርስ ነው። ይኼ ልጅ ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ መንጋጋው እንዴት ተበላ?» አንዳንዱ ደግሞ «ድሮ መፋቂያ ነበር፤ ይኼ ኮልጌት ነው ጥርሳችንን የጨረሰው» ብሎ ይጨምራል።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን መፋቂያው ላይም ኮልጌቱ ላይም አይደለም። መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን አያቶቻችን ምን ይበሉ እንደነበርና ስኳር በየት በኩል ወደ ቤታችን እንደገባ ማየት አለብን። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስኳሩን ግን እስክትጨርሱ አቆዩት።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ዓለም ያደነቀው እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው የሚበቅሉበትን የእርሻ ዘዴ ነበር። እኔ ያንን ማሳ የማየው በሐኪም ዓይን ነው። ከዚያ ማሳ የሚወጣው ምግብ ቆጮ፣ ጎመን፣ ከደጋው በኩል ገብስ፣ ከብት ላለው ደግሞ ወተትና ቅቤ ነው። ቡናውም ቢሆን በጌዴኦም ሆነ በጎረቤቶቻችን በጉጂና በሲዳማ ገጠር በጨው ወይም በቅቤ ሲጠጣ የኖረ ነው። ጉጂዎችና ቦረናዎች ደግሞ የቡናውን ፍሬ ከነገለባው በቅቤ ጠብሰው ይበሉታል፤ ቡና ቀላ የሚሉት እሱን ነው።

ጣፋጭ ነገር ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ማር ነበር፤ ሸንኮራ ነበር፤ ፍራፍሬም ነበር። ማር ግን ለእንግዳ፣ ለመድኃኒትና ለበዓል የሚወጣ ውድ ነገር ነው፤ ልጅ በቀን አምስት ጊዜ አይልሰውም። አናናስና ሙዝም ታኝከው የሚዋጡ፣ ምራቅ የሚያመነጩ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ጥርስ የሚበላው በትል አይደለም። በአገራችን «ትሉን ለማውጣት» የእንቧይ ፍሬ ጭስ መታጠን የተለመደ ነው፤ ይህ እምነት ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከጥንት ባቢሎን ጀምሮ በብዙ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1728 ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር ትል አላገኘሁም ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ በርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር ነገሩን ግልጽ አደረገው፤ በአፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመርታሉ፤ አሲዱ የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። አንድ ጊዜ ጣፋጭ ከቀመስን በኋላ አፋችን ወደ ቦታው ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በዚህ መሃል ሌላ ጣፋጭ ከገባ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የአያቶቻችን ጥርስ እረፍት ነበረው። የልጆቻችን የለውም።

እንግዲህ መፋቂያውስ? መፋቂያን ማናናቅ አልፈልግም። ከወይራ፣ ከክትክታና ከሌሎች ዛፎች የሚቆረጠው ይህ እንጨት ጫፉ ሲታኘክ እንደ ቡርሽ ይበተናል፤ ሰው በመንገድ እየሄደ፣ ከብት እየጠበቀ፣ ገበያ ላይ ቆሞ ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦ ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪ ቤት ልጆች ላይ መፋቂያና ቡርሽን አወዳድሮ ያሳተመው ጥናት፣ አጠቃቀሙን በደንብ ለተማሩ ልጆች መፋቂያ ከቡርሽ የማይተናነስ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1987 መፋቂያ በተለመደባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል። ስለዚህ እናታችሁ ስትፍቅ አይታችሁ አትሳቁ። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንፍቀው ፈገግ ስንል የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ መሆኑ ነው። የመንጋጋው የውስጥ ጎንና የድዱ ጠርዝ ሳይነካ ይቀራል።

አሁን «የአያቶቻችን ጥርስ እንከን አልነበረውም» የሚለውን ነገር እንመርምር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ቡድን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የሕዝቡን የአመጋገብ ሁኔታ ሲያጠና የሰዎችን አፍም መረመረ። የጥርሱን ክፍል ውጤት ሊትልተን የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳተመው። የተገኘው ነገር ሁለት ገጽ ነበረው። የተቦረቦረ ጥርስ በጣም ጥቂት ነበር። የድድ በሽታ ግን በሰፊው ነበር።

ይህን ደግማችሁ አስቡት። አያቶቻችን መፋቂያ ነበራቸው፤ ድዳቸው ግን ይደማ ነበር። በድድ በሽታ ጥርስ የሚላቀቀው ሳይቦረቦር ነው፤ «በእርጅና ወለቀ» ይባልና ይታለፋል። መቦርቦሩን የቀነሰው መፋቂያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድዱንም በጠበቀው ነበር፤ የጥርስና የድድ መገናኛ ላይ የሚከማቸውን ቆሻሻ ማንሳት ዋናው ሥራው እሱ ነውና። በእኔ አስተያየት አያቶቻችንን ከመቦርቦር ያዳናቸው ዋናው ነገር በእጃቸው የያዙት እንጨት ሳይሆን በቤታቸው ያልነበረው ስኳር ነው። መፋቂያውን በቡርሽ ብንተካውም ባንተካውም፣ ስኳሩ አንዴ ከገባ ጨዋታው ተለውጧል።

ስኳሩ የገባበትን ዓመት እናውቀዋለን። የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማምቶ፣ በ1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ። ከዚያ በፊትም ስኳር ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ግን የጥቂቶች ነበር። ከወንጂ በኋላ ስኳር የአገር ምርት ሆነ፤ ቀስ በቀስም በመኪና መንገዱ እየተከተለ እስከ ገጠር ሱቅ ደረሰ።

የሚገርመው በዚያው በ1954 ስዊድን ውስጥ አንድ ጥናት ታተመ። በሉንድ ከተማ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት ሆስፒታል፣ ለታካሚዎቹ ስኳር በተለያየ መንገድ እየተሰጠ ጥርሳቸው ለዓመታት ታየ። ሰዎቹ ፈቃዳቸውን ሊሰጡ የማይችሉ ነበሩ፤ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ጥናት እንዲሠራ አይፈቀድለትም፤ እኔም ስጠቅሰው ደስ እያለኝ አይደለም። ውጤቱን ግን የከፈሉት በጥርሳቸው ነውና ልንማርበት ይገባል። ስኳሩን ከምግብ ጋር የወሰዱት ሰዎች ጥርስ ብዙም አልተጎዳም። በምግብ መሃል እየደጋገሙ የሚጣበቅ ከረሜላ የተሰጣቸው ሰዎች ጥርስ ግን በእጅጉ ተቦረቦረ።

ጉዳቱን የሚወስነው እንግዲህ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹና ጥርስ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የስዊድን ወላጆች ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አዳበሩ፤ ለልጅ ከረሜላ የሚሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። እኛ ወንጂን ከፍተን ስኳሩን ተቀበልን። ትምህርቱ ግን ከስኳሩ ጋር አብሮ አልተጫነም።

ጌዴኦ ላይ ይህ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። የቀይ ቡና ወቅት ሲደርስ በየቤቱ ገንዘብ ይገባል፤ ሱቁም ይሞላል። ትልልቆቻችሁ ደስታ ከረሜላን ታስታውሳላችሁ። ለስላሳ መጠጥም አለ፤ ኮካ ኮላ አዲስ አበባ ውስጥ መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ስኳር ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ባለሱቁም ዝርዝር ሳንቲም ሲያጣ በመልስ ፋንታ ከረሜላ ያስጨብጣል፤ ልጅ ሲላክ ያው መልሱን አፉ ውስጥ ይዞ ይመለሳል። ጠዋት ዳቦ በጣፋጭ ሻይ፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ከሰዓት ከረሜላ፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስደው ስኳር የገባበት ጡጦ። ጨው ያለበትን ቡና የጠጡት አያትና ይህ ልጅ በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ፤ አፋቸው ግን የሚኖረው በተለያየ ዘመን ነው። (ጫት ስትቅሙ ስኳርና ለስላሳ የምታስከትሉ አዋቂዎችም ራሳችሁን ከልጁ ጋር ቁጠሩ። ጫቱ አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ሲቀንስ ስኳሩ ያለ ተቆጣጣሪ ይሠራል።)

ስለ ጡጦው አጥብቄ ልናገር። ማታ ምራቅ ይቀንሳል። ጣፋጭ ወተት ወይም ሻይ አፉ ላይ ይዞ የተኛ ሕፃን የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊጠቁሩና ሊሰባበሩ ይችላሉ። ጡጦ የግድ ከሆነ ማታ ውስጡ የሚገባው ንጹሕ ውኃ ብቻ ይሁን።

ወንጂ ሌላም ታሪክ ነግራናለች። የፋብሪካው ሠራተኞች በሚኖሩባቸው መንደሮች የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውኃ ብዙ ፍሎራይድ ነበረበት። እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ አንዳንድ ለብዙ ዓመት የጠጡ ሠራተኞችም አጥንታቸው ተጎድቶ ጀርባቸው ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ምልክት ነበረበት። ልጆቹ ስላልቦረሹ አልነበረም። ምልክቱ የሚፈጠረው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው፤ በመቦረሽም፣ በከሰልም፣ በአመድም አይለቅም። በከሰል ሲፈትጉት ይብሳል፤ ሽፋኑ ይሳሳል።

ይኼ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የጌዴኦ ዞን ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከቡሌ ደጋ ተነስታችሁ ወደ አባያ ሐይቅ በኩል ስትወርዱ በአንድ ቀን ሁለት ዓለም ታያላችሁ። በአጠቃላይ የደጋ ምንጭ ፍሎራይዱ አነስተኛ ነው፤ ችግሩ የሚበዛው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ባሉ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በቆላው በኩል የምትኖሩ ወይም ከሐዋሳ፣ ከዝዋይና ከመተሐራ አካባቢ ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሆነ፣ የልጃችሁ ጥርስ ቡናማ ስለሆነ አትቆጡት፤ አታሳፍሩት። የምትጠጡት ጉድጓድ ተመርምሮ እንደሆነ የወረዳችሁን ውኃ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

«ታዲያ ፍሎራይድ መርዝ ከሆነ ለምን ኮልጌት ውስጥ ይገባል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ታሪኩ እዚህም ይረዳናል። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም አሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲደርስ የከተማው ተወላጆች ጥርስ እንደ ወንጂ ልጆች ቡናማ ሆኖ አገኘው። ግራ ያጋባው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እነዚያ ቡናማ ጥርሶች አይቦረቦሩም። ምክንያቱ በውኃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ከዚያ ሳይንቲስቶች መጠኑን እየቀነሱ ጥርስ የሚጠነክርበትን እንጂ የማይበላሽበትን ልክ ፈለጉ። ጨው ወጥ ያጣፍጣል፤ እፍኝ ሙሉ ጨው ግን አይበላም። ፍሎራይድም እንዲሁ ነው። እንዲያውም ውኃው አነስተኛ ፍሎራይድ ባለበት ደጋ የሚኖር፣ ከረሜላ ግን እንደ ከተሜው የሚበላ ልጅ ከማንም በላይ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ያስፈልገዋል።

ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ፍሎራይድ የሚል ይሁን። ርካሹም ውዱም ይህ ካለው ሥራው አንድ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታክል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ ታክል በቂ ነው። ማስታወቂያ ላይ እንደምታዩት ቡርሹን ዳር እስከ ዳር መሙላት ሳሙናውን ለመሸጥ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛት በፊት። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ተፍቶ መተው እንጂ አፍን በብዙ ውኃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ልጅ እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ራሱ ቢሞክርም እናንተ ጨርሱለት። ቡርሽ መግዛት ካልተቻለ መፋቂያው ላይ ሳሙናውን አድርጋችሁ ተጠቀሙ፤ እኔ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከረሜላውን ጨርሶ መከልከል ካቃታችሁ እንደ ስዊድኖቹ ቀን ቁረጡለት፤ የገበያ ቀን ይሁን፤ ምሳ እንደበላ ይስጡት፤ ከዚያ በቃ።

አሁን በታሪክ ውስጥ ብዙ ዕንባ ያለበትን ክፍል ላንሳ። ሕፃን በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወሩ አካባቢ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ተገልጦ ይታያል፤ ክራንቻው የሚወጣበት ቦታ ነጣ ብሎና አብጦ ሲገኝ «በሽታው ይኼ ነው» ይባልና በስለት ወይም በጥፍር ተፈልፍሎ ይወጣል። የወተት ጥርስ ማስወጣት የምንለው ይህ ነው። የእኛ ብቻ አይደለም፤ ፒንድቦርግ የተባለ የዴንማርክ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 ከኡጋንዳ ዘግቦታል። ወደ እስራኤል የሄዱ የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ ሐኪሞችም ክራንቻ የሌላቸውና ከሥር የነበረው ቋሚ ጥርስ የተጎዳባቸው ልጆች አግኝተዋል።

ነጩ እብጠት በሽታ አይደለም፤ መውጫውን የሚጠብቅ ጤነኛ ጥርስ ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ልጁ በዚያ ዕድሜ ምግብና ውኃ ስለሚጀምርና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚያስገባ ነው። ልጁን የሚገድለው የውኃ እጥረት ነው፤ ድዱን ስታስፈለፍሉ ደግሞ መድማት፣ መመረዝና ቴታነስ ትጨምሩበታላችሁ። ኦ.አር.ኤስ. በጥብጡ፣ ጡት አታቋርጡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በጎጂ ልማድ ሕፃናትን መጉዳትን በወንጀል ይጠይቃል፤ እኔ ግን የምጽፍላችሁ በሕግ ላስፈራራችሁ አይደለም። ልጃቸውን ለማዳን ብለው የወሰዱት እናቶች ናቸው።

ሌላው «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» የሚለው ነው። የፊቶቹ በእርግጥ በ6 እና በ7 ዓመት ይወድቃሉ። የወተት መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ። እስከዚያ ድረስ የሚታመም፣ በአንድ ጎን የሚያኝክ፣ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ትምህርቱ ላይ ምን ይሆናል? ደግሞም ልጃችሁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከሁሉም ጥርሶች በስተኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወድቅ፣ በላይም በታችም በየጎኑ አንድ አንድ አዲስ መንጋጋ ያወጣል። ምንም ስላልወደቀ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል። አይደለም፤ የዕድሜ ልኩ ጥርስ ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስኳት እናት «የሰባት ዓመት ልጄ መንጋጋው ተበላ» ስትል ብዙ ጊዜ የተበላው ይኸው ነው። ዛሬ ማታ ልጃችሁን ብርሃን ፊት አቁማችሁ አፉን አስከፍቱት፤ ከኋላ ያለው መንጋጋ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ካለ፣ ሳያምመው በፊት የጥርስ ሕክምና ወዳለበት ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። ትንሽ ቀዳዳ ተሞልቶ ይድናል፤ ሌሊት ሌሊት በራሱ የሚያም ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ ከመሞላት አልፏል።

ጥርሱን የሚያመው ልጅ ወይም አዋቂ ፊቱ ወይም ከአገጩ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ አፉን መክፈት፣ ምራቁን መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ነገ አትበሉ። ያደረ መድኃኒት ከጎረቤት አትዋሱ፤ እብጠቱን በትኩስ ነገር አትተኩሱ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።